የሲሙሌተሩ ሴትአፕ ለቪትዙ አይሆንም

ጥያቄው፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አሴቶ ኮርሳ የተባለውን የመኪና ውድድር ሲሙሌተር (የኮምፒውተር ጨዋታ) በሎጊቴክ ጂ29 መሪ መጫወት ከጀመርኩ አንድ ዓመት አልፎኛል። አዘውትሬ የምነዳው የቢኤምደብልዩ ኤም3 ኢ30ን የውድድር ቅጂ ነው። ፍሬን ይዤ ኩርባ ስገባ ኋላው እየወጣ ይዞርብኛል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ሴትአፕ (የመኪና ቅንብር)፣ ማለትም ካምበር (የጎማው ዝንባሌ) ከዜሮ በታች 3.5 ዲግሪ፣ የጎማ ግፊት 26 ፒኤስአይ፣ ጠንካራ ሞላና ዝቅ ያለ ቁመት፣ ትንሽ አሻሽሎልኛል። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በቅርቡ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቪትዙን ሰጥቶኝ ወደ ጎንደር ልመላለስበት ነው። አንድ ጋራዥ ሞላውን ቆርጦ ዝቅ እንደሚያደርግልኝ፣ ካምበሩንም እንደሚያስተካክልልኝ ነግሮኛል። ሲሙሌተሩ እውነተኛ ከሆነ ይኸው ሴትአፕ ለቪትዙ አይሠራም? ሲሙሌተር ላይ ያገኘሁት ችሎታስ መንገድ ላይ ይጠቅመኛል? ምን ይመክሩኛል?»

ሞላውን አታስቆርጥ። ካምበሩን አታስነካ። 26 ፒኤስአይ ያልከውንም እርሳው። ይህን ያስቀደምኩት ጋራዡ ከመልሴ ቀድሞ እንዳይደርስብህ ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ። ጥያቄህ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል፦ ሲሙሌተሩ እውነተኛ ነው ወይ፣ ቁጥሮቹ ወደ እውነተኛ መኪና ይሻገራሉ ወይ፣ ችሎታውስ ይሻገራል ወይ። ሲሙሌተሩ በሚያሰላው ነገር እውነተኛ ነው። ቁጥሮቹ አይሻገሩም። ችሎታው በከፊል ይሻገራል፤ የማይሻገረው ክፍል ደግሞ ሰው የሚጎዳው ነው።

ሲሙሌተሩ በደንብ የሚያሰላው የጎማን ሥራ ነው። በየቅጽበቱ እያንዳንዱ ጎማ ላይ ስንት ክብደት እንዳረፈ፣ ጎማው ከዞረበት አቅጣጫ ስንት ዲግሪ ወደ ጎን እየተንሸራተተ እንደሆነ፣ ከዚህም ምን ያህል የመያዝ ጉልበት እንደሚገኝ ያሰላል። ብዙዎቹ የውድድር መንገዶች በሌዘር ተለክተው የገቡ ናቸው፤ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጀርመኑ የውድድር መንገድ ኖርድሽላይፈ ከነጉብታው ነው የተቀዳው። ስለዚህ «ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል» ብሎ ያስተማረህ ልክ ነው።

ሁለት ነገር ግን አይሰጥህም። የመጀመሪያው የሰውነት ስሜት ነው። የመኪና ኋላ ማፈንገጥ ሲጀምር ሹፌሩ ቀድሞ የሚያውቀው በመቀመጫውና በጆሮው ውስጥ ባለው የሚዛን አካል ነው፤ ዓይን የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ያለህ ስክሪኑና በመሪው የሚመጣው ጉልበት ብቻ ስለሆነ ወሬው የሚደርስህ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛው ሴትአፕ ራሱ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ እውቀት ነው። ሴትአፕ ለአንድ ጎማ፣ ለአንድ የመንገድ ገጽና ለአንድ የፍጥነት ክልል የተገኘ መልስ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተለወጠ መልሱ አይሠራም። ከኢ30ው ወደ ቪትዙ ስትመጣ ሦስቱም ተለውጠዋል፤ በዚያ ላይ አንዱ በኋላ ጎማ፣ ሌላው በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ነው።

ከጎማው ግፊት እንጀምር። 26 የሚለው ቁጥር የታወቀው አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲሲዮኔ በተባለው ሌላ ጨዋታ፣ ጂቲ3 በሚባሉት የውድድር መኪኖች ነው። እዚያ ከ26 እስከ 27 የሚባለው ጎማው በውድድር ሙቀት ላይ ሳለ የሚደርስበት ግፊት ነው፤ ከፒት (መኪናው ከሚዘጋጅበት ቦታ) ሲወጣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ለኢ30ህ እንኳ የተዋሰከው የሌላ መኪና፣ የሌላ ጎማ ቁጥር ነው። የመንገድ መኪና ግፊት የሚለካው ደግሞ ጎማው ቀዝቅዞ፣ መኪናው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው። የቪትዝህ ቁጥር የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ መኪና ብዙ ጊዜ 32 ወይም 33 አካባቢ ነው፤ አንተ ግን የምትይዘው ወረቀቱ ያለውን ነው። ወረቀቱ ለሙሉ ጭነት ሌላ ቁጥር ካለው፣ አምስት ሰው ይዘህ ስትሄድ እሱን ተከተል።

የባሕር ዳር ጠዋትና ከሰዓት የሚፈጥረውን ልዩነትም አስብበት። ጠዋት 14 ዲግሪ የነበረው አየር ከሰዓት 28 ሲደርስ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ እንኳ የጎማው ግፊት 2 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ከተማ ስትዞር ቆይተህ ጎሚስታ ጋ 33 ብታስሞላ፣ በማግስቱ ንጋት ላይ የምታገኘው ከ31 በታች ሊሆን ይችላል። የራስህን መለኪያ ግዛና ጠዋት፣ ከመነሳትህ በፊት ለካ። ጎማ ከሚገባው በታች ሲሞላ ጎኑ እየተጣጠፈ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ከውስጥ ያላላውና በረጅም ቀጥ መንገድ ላይ ይፈነዳል። በክረምት ሌላም ጣጣ አለው። የንፋሱ መጠን ሲቀንስ ጎማው ውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት አብሮ ይወርዳል። ጥርሱ ላለቀ ጎማና ውሃ ለቋጠረ አስፋልት በሚሠራበት ቀመር፣ 32 ፒኤስአይ የያዘ ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይንሳፈፋል፤ 26 የያዘው 85 አካባቢ። የፎገራ ሜዳ በሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ፤ ውሃው ሜዳውን ብቻ ሳይሆን የአስፋልቱንም ዳር ይይዛል።

ካምበሩ ለውድድር መኪና ትርጉም የሚኖረው በጉልበቱ ምክንያት ነው። የጂቲ3 መኪና ኩርባ ላይ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ የጎን ጉልበት ይሸከማል፤ መኪናው ሲያጋድል ውጭ ያለው ጎማ በደረቱ ሙሉ እንዲያርፍ አስቀድሞ ወደ ውስጥ ይዘነበላል። አንተ ወደ ጎንደር ስትነዳ ኩርባ ላይ የምታገኘው የጎን ጉልበት በጤናማ አነዳድ ከ0.3 ጂ፣ ማለትም ከመኪናው ክብደት 30 በመቶ፣ እምብዛም አያልፍም። በዚህ ጉልበት 3.5 ዲግሪ የተዘነበለ ጎማ በውስጥ ጠርዙ ብቻ ይሄዳል። ቀጥ ባለ መንገድ ፍሬን ስትይዝ መሬት የሚነካው ገጽ ይጠባል። የውስጥ ጠርዙ ተበልቶ ሽቦው ሲወጣ ደግሞ ከውጭ ቆመህ አታየውም፤ ውጩ ገና አዲስ ይመስላል። ቪትዙ ላይ አላይመንት ቤት በሥርዓት የሚስተካከለው የፊት ጎማዎች ቶ፣ ማለትም ከላይ ሲታዩ ፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞረበት መጠን ነው። የኋላው አክስል አንድ ወጥ ስለሆነ ማስተካከያ የለውም። «የኋላውን ካምበር አስተካክላለሁ» የሚልህ ሰው የሚያደርገው አንድም ማጣመም፣ አንድም በመሐል ቆርቆሮ መክተት ነው።

ቶ ላይም ከሲሙሌተር የሚመጣ ልማድ አለ፤ መኪናው ቶሎ እንዲታጠፍ የፊት ጎማዎችን በትንሹ ወደ ውጭ መክፈት። በእያንዳንዱ ጎማ 0.2 ዲግሪ ቢከፈት ጎማው በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 3.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል ማለት ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ጉዞ ብቻ ከ600 ሜትር በላይ ይፋቃል። መሪውም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ዕረፍት ያጣል፤ ጭነት መኪኖች ባጎደጎዱት አስፋልት ላይ ወዲያ ወዲህ ይጎትትሃል።

ሞላ መቁረጥ ከሁሉም የከፋው ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ። ሞላ ሲቆረጥ የሚያጥረው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ የቀሩት ጥምጥሞች ሲያንሱ ይጠነክራልም። ከአምስት የሚሠሩ ጥምጥሞች አንዱ ከተቆረጠ ጥንካሬው በ25 በመቶ ይጨምራል። ሾክ አብሶርበሩ ግን የተሠራው ለበፊቱ ሞላ ነው፤ የጠነከረውን ሞላ ሲመለስ መግታት ስለማይችል መኪናው ከጉብታ በኋላ ደጋግሞ ይዘላል። ጎማ በዘለለ ቁጥር ደግሞ መሬት አልያዘም፤ መሬት ያልያዘ ጎማ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይቀበልም።

ሁለተኛው ጉዳት የመውረጃ ቦታ ማጣት ነው። ቪትዝ ከመሬት ያለው ከፍታ 14 እና 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ 4 ቢቀነስ፣ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት አብሮ ያልቅና ጥቂት ጭነት ሲጨመርበት አካሉ መጨረሻው ላይ ባለው ጎሚኒ ላይ ያርፋል። ኩርባ መሐል ጉድጓድ ሲገባ ውጭ ያለው የፊት ሞላ ጎሚኒው ላይ ከደረሰ፣ በዚያች ቅጽበት ሞላ የሌለው መኪና ነው የምትነዳው፤ ፊቱ በአንዴ ይለቅና መሪውን አዙረህ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሲሙሌተር ላይ ዝቅ ያለ መኪና የሚፈጥነው መንገዱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ከተማው ውስጥ ያለው ኮብልስቶን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውና ከከተማ ስትወጣ የሚጠብቅህ ፒስታ በዚያ ስሌት ውስጥ የሉም። ሦስተኛው፣ መኪናው በክሪክ ሲነሳ ወይም ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ሲመለስ በትክክል ላይቀመጥ ይችላል፤ ያኔ ጎማውን ሊነካ፣ የፍሬን ቱቦ ሊቆርጥ ይችላል። የተቆረጠ ሞላ አይቀጠልም። ሐሳብህን ብትለውጥ ያለህ ምርጫ አራቱንም መግዛት ነው።

ለዚህ ሥራ ያሰብከውን ገንዘብ የት ብታውለው መኪናው በእውነት የተሻለ እንደሚሄድ ልንገርህ። መጀመሪያ ጎማውን ተመልከት። ጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ሳጥን የተጻፉ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ደህና ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ አይይዝም፤ ጎማው ደርቋል። ሲሙሌተር ውስጥ ከጋራዥ በወጣህ ቁጥር ጎማህ አዲስ ነው፤ ይህ ሳታስበው የሚያታልል ነገር ነው። ቀጥሎ የመሪ ቴስቲናዎችንና ጎሚኒዎችን አስፈትሽ፤ ከላሉ አላይመንት ብታሠራ በሳምንት ውስጥ ይፈርሳል። ሾክ አብሶርበሮቹ ዘይት የሚያልቡ ከሆነ በጥንድ ቀይራቸው፤ የፊት ሁለቱን አንድ ላይ ወይም የኋላ ሁለቱን አንድ ላይ እንጂ አንዱን ብቻ አይደለም። አላይመንት የሚሠራው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የፍሬን ዘይትም አለ። ሰው አስታውሶ የማይቀይረው ፈሳሽ ቢኖር እሱ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሳለ የሚፈላበት ዝቅተኛው መጠን 205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ወደ 140 ይወርዳል። ከአዲስ ዘመን ከተማ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት፣ ወይም አንድ ቀን አዲስ አበባ ስትሄድ የዓባይን በረሃ በፍሬን ብቻ ብትወርድ ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ሲሙሌተርህ ይህን አላስተማረህም፤ እዚያ ፍሬን ያልቃል ብለህ አስበህ አታውቅም። ዘይቱን በሁለት ዓመት አንዴ ቀይር። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከመውረድህ በፊት ማርሽ ቀንስ፤ መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛውን ምርጫ አስገባና ሞተሩ እንዲይዘው አድርግ።

አሁን ወደ ኢ30ው። ፍሬን ይዘህ ስትገባ የሚዞርብህን ነገር ሴትአፑ ሸፍኖት ይሆናል እንጂ የፈታው አይመስለኝም። ሴትአፕ ከመንካትህ በፊት ማርሹን፣ ፔዳሉንና እይታህን ፈትሽ።

ማርሹን ያስቀደምኩት የኋላ ጎማ ነጂ መኪናን መግቢያ ላይ የሚያዞረው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ገና ከፍተኛ ዙር ላይ ሳለ ከአራት ወደ ሦስት፣ ወዲያውም ወደ ሁለት ስታወርድ ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ይገታቸዋል፤ ኋላው በፍሬኑ ምክንያት ቀልሎ ባለበት ሰዓት ነው ይህ የሚሆነው። መለያው ቀላል ነው። ያንኑ ኩርባ ማርሽ ሳትቀንስ፣ በሦስት እንደገባህ፣ ፍሬን ብቻ ይዘህ ሞክር። ካልዞረ ጥፋቱ የሴትአፕ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ፍሬኑን በመጀመሪያው ቅጽበት አጥብቀህ ያዝ፤ ማርሹን ግን ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ፣ አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ መሐል ነዳጅ ነካ እያደረግክ ቀንስ። ቅንብሩ ውስጥ ያለውን አውቶማቲክ ብሊፕ (ማርሽ ስትቀንስ ነዳጁን ራሱ የሚነካልህን) ለጊዜው ብታበራው አያሳፍርም።

ቀጥሎ ፔዳሉ ነው። የጂ29 ፍሬን የሚለካው ፔዳሉ የወረደውን ርቀት እንጂ የተረገጠበትን ኃይል አይደለም፤ የእውነተኛ መኪና ፍሬን ግን የሚታዘዘው ለኃይል ነው። ልዩነቱን ለማቀራረብ አሴቶ ኮርሳ ውስጥ የፍሬን ጋማ የሚባለውን 2.4 አካባቢ አድርገው፤ መጀመሪያ ላይ ለስለስ ብሎ መጨረሻ ላይ ይጠነክራል። ከዚያ የፔዳሎች መስኮቱን ከፍተህ ፍሬኑን ቀስ ብለህ እየረገጥክ የቀይዋን አሞሌ አወጣጥ ተመልከት። ሳትነካት የምትንቀጠቀጥ ከሆነ የፔዳሉ መለኪያ አቧራ ገብቶበታል፤ ለኤሌክትሪክ መገናኛ የሚሆን ማጽጃ ስፕሬይ ይነፋበት። ፔዳሉ በሴራሚክ ወለል ላይ ወደ ፊት ይንሸራተት እንደሆነም እይ። የሚንሸራተት ከሆነ አጥብቀህ የረገጥክ እየመሰለህ ግማሹን ኃይልህን ወለሉ ነው የሚወስደው። ከግድግዳው ጋር የሚያገናኘው ጣውላ አስደግፈው፤ ወንበርህም ተሽከርካሪ እግር ካለው እግሮቹን ግታቸው፤ አለዚያ ፍሬን በረገጥክ ቁጥር ወደ ኋላ ትሸሻለህ።

እይታው ደግሞ የማይታይ ችግር ነው። የእይታ ስፋቱን በስሜት አታስተካክል፤ ይሰላል። ባለ 24 ኢንች ስክሪን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ከዓይንህ 70 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ትክክለኛው የቁም እይታ 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን በዚያው ርቀት 32 ገደማ ይሆናል። አሴቶ ኮርሳ የሚጠይቅህ የቁሙን ስለሆነ ይኸንኑ ቁጥር አስገባ። መጀመሪያ ላይ የጠበበና የዘገየ ይመስልሃል፤ እይታው ሲሰፋ ፍጥነት ያጋንናል፣ ኩርባውንም ያርቃል። ፍሬን ዘግይተህ የምትይዘው፣ ከዚያም ኩርባው ውስጥ ሆነህ የምትደነግጠው በዚህ ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ መሪውን የሎጊቴክ ፕሮግራም በሆነው በጂ ሃብም በጨዋታውም 900 ዲግሪ አድርገውና ስክሪኑ ላይ ያሉት እጆች ከእጆችህ እኩል መዞራቸውን አረጋግጥ። የመሪው ጉልበት አሞሌ ኩርባ ላይ የሚቀላ ከሆነ ጉልበቱ ጣሪያ ነክቷል ማለት ነው፤ ቀንሰው። ጣሪያ ላይ ያለ መሪ ጎማው ሊለቅ ሲል የሚሰጠውን መላላት አይነግርህም፤ አንተ ደግሞ ከዚያ ሌላ ወሬ ነጋሪ የለህም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም የሚያፈነግጥ ከሆነ ብቻ ወደ ሴትአፑ ሂድ። መኪናው ከሚመጣበት ሴትአፕ ተነሳ፤ የወረደውን አጥፋው። ነዳጁን 20 ሊትር ላይ አቁመህ በየለውጡ አምስት ዙር ንዳ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አትቁጠራቸው፣ ጎማው ገና አልሞቀም። የፍሬን ክፍፍሉን አንድ በመቶ ወደ ፊት፣ ካልበቃ ሌላ አንድ ጨምር። ከዚያ የኋላውን የጎን ማረጋጊያ ዘንግ አንድ ደረጃ አላላ። ከዚያ የኋላ ቶ ትንሽ ወደ ውስጥ። ዲፈረንሻሉ ነዳጅ ሲለቀቅ የሚይዘውን መጠን መጨመርም መግቢያውን ያረጋጋል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትለውጥ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ፊቱ እምቢ ማለት ከጀመረ አንድ እርምጃ አልፈሃል፤ ተመለስ።

ችሎታው ይሻገራል ወይ ላልከው፣ ሰዎች ሁሌ የሚጠቅሱት ምሳሌ አለ። ኒሳንና ፕሌይስቴሽን ባዘጋጁት ጂቲ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ሉካስ ኦርዶኔዝ፣ በ2011 ያን ማርደንቦሮ ከጨዋታ ተነስተው እውነተኛ ውድድር ላይ ደርሰዋል፤ ሁለቱም በፈረንሳዩ የ«ለ ማን» የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ነድተዋል። ብዙዎች የሚረሱት ግን ከጨዋታው በቀጥታ ወደ ውድድር አለመግባታቸውን ነው። በመሐል በእውነተኛ መኪና፣ በአሰልጣኝ፣ ዝግ በሆነ የውድድር ሜዳ ሰልጥነዋል። የደረሱበትም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚነዳበት ቦታ ነው። የሐሙሲትና የወረታ ጎዳና እንዲህ አይደለም።

ከሲሙሌተር የምታመጣው ጥሩ ነገር ዓይንን ወደ ሩቅ መላክ፣ ፍሬንን ከኩርባ በፊት መጨረስ፣ ኋላው ሲያፈነግጥ መሪውን ወደሚሄድበት መመለስ፣ ፊቱ እምቢ ሲል ደግሞ መሪውን አብዝቶ ከማዞር ይልቅ ቀለል ማድረግ ነው። እነዚህ ከልብ ይጠቅማሉ፤ ብዙ አዲስ ሹፌር የለውም። የማይመጣው ያልጠበቁትን የመጠበቅ ልምድ ነው። ጨዋታው ላይ ኩርባውን መቶ ጊዜ አይተኸዋል፤ ፍሬን የምትይዝበትን ቦታ ስለምታውቅ እግርህ ቀድሞ ይነሳል። መንገድ ላይ አህያዋ ከሩዝ ማሳው ስትወጣ፣ ባጃጁ ምልክት ሳያሳይ ሲዞር፣ ብስክሌተኛው ጉድጓድ ሸሽቶ ወደ መሐል ሲገባ አንድ ሰከንድ ተኩል ሳታስበው ያልፋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄድክ በዚያ ጊዜ ፍሬን ሳትነካ 33 ሜትር ተጉዘሃል። ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 36 ሜትር ያስፈልጋል፤ በድምሩ ወደ 70። አስፋልቱ ከረጠበና ጎማው ካረጀ በድምሩ 96 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከደረቁ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና ዘይቱን አቡክቶ መንገዱን ያሟልጨዋል፤ ያን ቀን ከሌላው ዝናብ የበለጠ ተጠንቀቅ።

ሁለት የእግር ልማድም ጨዋታው ላይ ትተህ ና። በግራ እግር ፍሬን መያዝ ለጨዋታው ይጠቅማል። መንገድ ላይ ግን ቪትዙ በእጅ ማርሽ የሚሠራ ከሆነ ግራ እግርህ ፍሪሲዮን እንደለመደው ፍሬኑን ይደፍቀዋል፤ አውቶማቲክ ከሆነ እግርህ ፔዳሉ ላይ ሳይታወቅህ ያርፍና ፍሬኑ ይሞቃል፣ የኋላ መብራቱም ሳያቋርጥ እየበራ ከኋላህ ያለውን ሰው ያሳስታል። ሁለተኛው ፍሬንን እየለቀቁ መያዝ ነው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) የሌለው የጨዋታ መኪና ላይ ጎማው ሲቆለፍ ትለቃለህ። ቪትዙ ኤቢኤስ ካለው፣ በድንገተኛ ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጠህ ያዝ፤ ፔዳሉ ሲንቀጠቀጥ አትልቀቅ። መኪናው ላይ ኤቢኤስ እንዳለ ለማወቅ ቁልፉን ስትከፍት መብራቱ በርቶ ይጠፋ እንደሆነ እይ።

ጉልበቱንም ከጨዋታው ጋር አታወዳድር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ቀጭን ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ባለ 1 ሊትሩ ቪትዝ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ተብሎ ከተሸጠ፣ እዚህ በእጅህ ያለው ከ60 በታች ነው። ጭነት መኪና ለመቅደም የሚያስፈልግህ ርቀት ከምትገምተው ይረዝማል፤ ዳገት ላይ ከሆነ ጨርሶ አትሞክረው።

ቁርጡን ልንገርህ፦ ቪትዙን ፋብሪካው እንደሠራው ተወው፤ ገንዘቡን በጎማ፣ በሾክ አብሶርበር፣ በፍሬን ዘይትና በመጨረሻ በአላይመንት ላይ አውለው። የመጀመሪያዎቹን የጎንደር ጉዞዎች በቀን፣ ልምድ ያለው ሹፌር አጠገብህ ተቀምጦ አድርጋቸው፤ ወንድምህ ቢሆን ደስ ይለኛል። የኤቢኤሱን ንዝረት እግርህ እንዲያውቀው ከፈለግክ ከማሰልጠኛ መምህር ጋር፣ ሰውና ከብት በማይገባበት ክፍት ሜዳ፣ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ሞክረው። የከተማና የጎንደር መንገድ መሞከሪያ አይደለም።

ሲሙሌተሩንም ለመንገዱ እንዲጠቅምህ አድርገህ መጠቀም ትችላለህ። ኢ30ውን ለውድድሩ ተውለትና አሴቶ ኮርሳ ውስጥ አባርት 500ን ውሰድ፤ ትንሽ፣ በፊት ጎማ የሚነዳ፣ ከቪትዙ ጋር የሚቀራረብ ነው። የመንገድ ጎማ ግጠምለት፣ ኤቢኤሱን አብራ፣ የማታውቀውን መንገድ ምረጥና ዙር ሳትቆጥር በመጠነኛ ፍጥነት ንዳው። ኩርባ መሐል ነዳጅ በድንገት ስትለቅ ኋላው እንዴት እንደሚቀልና እንደሚዞር ደጋግመህ አስተውል፤ የፊት ነጂ መኪና አዲስ ሹፌርን የሚጥልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። ለፒስታ ደርት ራሊ 2.0 በተባለው ጨዋታ ውስጥ ሚኒ ኩፐር ኤስ አለልህ። የተሰበረ ሞላና የተጣመመ ጎማ መኪናን እንዴት እንደሚያደርግ ማየት ከፈለግክ ቢምኤንጂ በተባለው ሲሙሌተር ውስጥ ኮቬት የምትባለውን መኪና ዝቅ አድርገህ፣ ሞላዋን አጠንክረህ፣ ጉድጓድ ባለበት መንገድ በ80 ንዳት፤ ከዚያ ሞላዋን ወደ ነበረበት መልሰህ በዚያው ፍጥነት በዚያው መንገድ አሳልፋትና ሁለቱን አወዳድር።